ቀኑን ውኃው ይምረጥ፦ በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ የሳልመን ጉዞ ለሚያቅዱ

ፖርትላንድ ወይም ሲያትል የሚኖሩ ከሆነ፣ በነሐሴ ወር አንዱ የሥራ ባልደረባዎ ስልኩን አውጥቶ ክንድ የሚያህል ሳልመን ታቅፎ የተነሳውን ፎቶ ሳያሳይዎት አይቀርም። የት እንደያዘው ቢጠይቁት «ቡዊ ቴን» ይልዎታል። ቡዊ ቴን የኮሎምቢያ ወንዝ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ የምትንሳፈፍ፣ ቁጥር 10 የተጻፈባት ቀይ የመርከብ መንገድ ምልክት ናት። ከእርሷ ጀምሮ ወደ ላይ አስቶሪያ ከተማን አልፎ ያለው የወንዙ ክፍል በአጥማጆች ዘንድ በስሟ ይጠራል። በውቅያኖስ ውስጥ ያደጉት ሳልመኖች ወደ ተወለዱበት ገባር ለመመለስ በክረምታችን ማብቂያ የሚገቡት በዚህ በር ነው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ከዚህ ተነስተው አይዳሆ ድረስ ይዘልቃሉ።

እኛ የወንዝ አፍ እያየን አላደግንም። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ዓባይም ባሕር የሚገባው ግብጽን አቋርጦ ነው። ስለዚህ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ ሲያወጣ የኖረ ሰው እንኳ እዚህ ሲመጣ የማያውቀው ነገር ይገጥመዋል፤ ውኃው በቀን አራት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። ባሕሩ ሲሞላ ወንዙ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሲጎድል ደግሞ ተጠራቅሞ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውቅያኖስ ይወጣል። ዓሣው የሚበላበት ሰዓት፣ ጀልባው የሚወጣበት ሰዓት፣ አደጋው የሚመጣበት ሰዓት በዚሁ ይወሰናል። አብዛኛው ሰው ግን መጀመሪያ ከሥራ ፈቃድ ይወስዳል፣ ቀጥሎ ሆቴል ይይዛል፣ ከዚያ ጀልባ ያፈላልጋል፤ ስለ ውኃው የሚያስበው ጠዋት ወደቡ ላይ ቆሞ ነው። እርስዎ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ይጀምሩ።

1. ሳምንቱን መምረጥ

የቡዊ ቴን ወቅት በአብዛኛው የሚከፈተው ኦገስት 1፣ ማለትም ሐምሌ 25 ቀን ነው። ሁለት ዓይነት ሳልመን ይጠበቃል። ትልቁ ቺኑክ በዛ ብሎ የሚገባው በኦገስት አጋማሽና በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። አነስ የሚለው ኮሆ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ሴፕቴምበርንም ይዞ ይቀጥላል። የትኛው ዓሣ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ስንት መያዝ እንደሚፈቀድ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወሰናል፤ በወቅቱ መሀልም ሊዘጋ ወይም ሊራዘም ይችላል። የጓደኛዎ የአምና ልምድ ለምግቡ እንጂ ለደንቡ አያገለግልም።

እዚህ ላይ የእኛ የቀን መቁጠሪያ ይገባል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21። የቺኑኩ ሞቅታ ከጾሙ ጋር ይጋጠማል ማለት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ በቤትዎ እንዴት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ምርጫው ሦስት ነው። ከጾሙ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ቢሄዱ ሰውም ዓሣውም ገና አልበዛም። በጾሙ መሀል ቢሄዱ የተሻለውን የቺኑክ ጊዜ ያገኛሉ፤ ያጠመዱት ግን ፍሪዘር ውስጥ ፍስክን ይጠብቃል፣ ጀልባ ላይ ውለው የኪዳኑም የቅዳሴውም ሰዓት ያመልጥዎታል። ከነሐሴ 16 በኋላ ቢሄዱ ቺኑክ ማስቀረት ተከልክሎ ሊጠብቅዎ ይችላል፤ ኮሆው ግን በደንብ አለ። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን የመጨረሻውን ነው። ኮሆ ጉልበተኛና ፈጣን ነው፣ አዘውትሮ ይነክሳል፣ ልጆች ቶሎ አይሰለቹም። ቺኑክን ግን ቀኑን ሙሉ ጠብቀው አንድ ጊዜ ብቻ ሊነካዎት ይችላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አስቶሪያ ከ1894 ጀምሮ የሚታወቅ የሬጋታ በዓሏን የምታከብረው በኦገስት ነው። በዚያ ሰሞን አልጋ ማግኘት ከባድ ነው።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ማስላት

ሳምንቱን ካወቁ በኋላ የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ ያውጡ። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖዋ፣ በነፃ ያወጣዋል። ሲፈልጉ አስቶሪያ ወይም ሃመንድ የሚለውን ጣቢያ ይምረጡ እንጂ በውቅያኖሱ ዳር ያለ ሌላ ከተማ አይውሰዱ፤ ሰዓቱ ይለያያል። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ደግሞ የውኃውን ከፍታ ያገኛሉ። ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሰኞ ጥሩ የነበረው ሰዓት ዓርብ ጥሩ አይሆንም።

ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፣ 3 ሜትር ሊያልፍም ይችላል። በዚያ ጊዜ ውኃው ይሮጣል፣ ክሩ ይወሰዳል፣ ጀማሪ ይቸገራል። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን ልዩነቱ ይጠባል፤ አጥማጆቹ ለስላሳ የሚሉት ውኃ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ለስላሳውን ይምረጡ።

ሁለተኛው ሙላቱ የሚያበቃበት ሰዓት ነው። ሳልመን ከሚሞላው ውኃ ጋር ከባሕር ይገባል፤ ሙላቱ ከማብቃቱ በፊት ያሉት ሁለት ሰዓታት፣ ውኃው ቆም የሚልበት ጊዜና ከዚያ ቀጥሎ ያለው አጭር ጊዜ የቀኑ ምርጥ ሰዓታት ናቸው። ይህ በጠዋቱ ክፍል፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት አካባቢ የሚውልበትን ቀን ይፈልጉ። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። በበጋቸው ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሳል፤ ጠዋት መስታወት የነበረው ውኃ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። ሙላቱ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቢሆን ምርጡን ጊዜ ከነፋሱ ጋር እየታገሉ ያሳልፉታል።

3. ባሩን ማወቅ

ወንዙ ይዞት የመጣው አሸዋ አፉ ላይ ተከምሮ ጥልቀቱን ያሳንሰዋል። ይህንን ቦታ በዚያ አገር ሁሉም ሰው «ባር» ይለዋል። ኮሎምቢያ በሰሜን አሜሪካ ወደ ፓሲፊክ ከሚፈስሱት ወንዞች ትልቁ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ይህ ሁሉ ውኃ ወደ ውጭ ሲገፋ፣ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ሞገድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሞገዱ መሄጃ ሲያጣ ይቆማል፤ ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ እርስ በርሱ ተቀራርቦ ይሰበራል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈጠር ነገር ነው። ካፒቴን ሮበርት ግሬይ በ1792 ወደ ወንዙ ከገባ ወዲህ 2,000 የሚያህሉ መርከቦችና ጀልባዎች በአካባቢው እንደጠፉ ይነገራል፤ የፓሲፊክ መቃብር የሚል ስም ያወጡለትም ለዚህ ነው። የአሜሪካ የባሕር ዳር ጠባቂ ኃይል በከባድ ሞገድ ውስጥ ሕይወት አድን ጀልባ የሚነዱ ሰዎቹን የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት እዚያው ኬፕ ዲስአፖይንትመንት ላይ ነው። ቦታው የተመረጠው መጥፎ ሞገድ ፍለጋ ሩቅ ስለማይኬድበት ነው።

ይህን የጻፍኩት ላስፈራራዎት አይደለም። ቡዊ ቴን ላይ ለማጥመድ ባሩን መሻገር አያስፈልግም፤ ጥሩው ቦታ በወንዙ ውስጥ፣ ከባሩ ወደዚህ ነው። ነገር ግን ሞተሩ የጠፋበት ትንሽ ጀልባ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ወደ ባሩ ይወሰዳል። ስለዚህ ዘመድዎ ሐይቅ ላይ የሚነዳትን ጀልባ ጎትቶ «እኔ እወስዳችኋለሁ» ቢልዎት፣ ለዘንድሮ አመስግነው እምቢ ይበሉ። ጀልባ ያለው ሰው ራሱ መጀመሪያ ከአንድ ባለሙያ ጋር ወጥቶ ማየት አለበት።

4. ጀልባና ካፒቴን

ሁለት ዓይነት አገልግሎት አለ። ጋይድ የሚባለው እስከ 6 እንግዳ የሚይዝ ክፍት ጀልባ ያለው ሰው ነው። ቻርተር የሚባሉት ትላልቆቹ ካቢን ያላቸው ጀልባዎች ናቸው፤ ከዋሽንግተን በኩል ከኢልዋኮ፣ ከኦሪገን በኩል ከዋረንተንና ከሃመንድ ይነሳሉ፣ ብዙዎቹም ባሩን ተሻግረው ውቅያኖስ ላይ ያጠምዳሉ። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በአንድ ሰው ከ200 ዶላር በላይ ያስቡ፣ በዚያ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ የተለመደ ነው። መንጠቆው፣ ዘንጉ፣ ማባበያውና ዕውቀቱ ግን ሁሉም በዋጋው ውስጥ ስለሚካተት፣ ራስዎ ዕቃ ገዝተው ከሚሄዱበት ወጪ ጋር ሲያነጻጽሩት ብዙም አይርቅም።

ጥሩ ካፒቴኖች ከወራት በፊት ይያዛሉ፤ ለነሐሴ ጉዞ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ይደውሉ። ሲደውሉ የመረጡትን ቀን ይንገሩና «በዚህ ቀን ውኃው እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሠንጠረዡን አይተው የመጡ መሆንዎን ሲያውቅ ወሬው ይለወጣል፤ የተሻለ ቀን ካለም ይነግርዎታል። ከዚያ እነዚህን ሳያፍሩ ይጠይቁ። ባሩን እንሻገራለን ወይስ ወንዙ ውስጥ እንቆያለን? ነፋስ ቢነሳ ወይም የባሕር ዳር ጠባቂው ባሩን ቢዘጋ ገንዘባችን ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? ከስንት ዓመት በላይ ልጅ ይወስዳሉ? ዓሣውን አጽድተው ይሰጡናል?

አንድ ጥያቄ አለ ሰው የማይጠይቀው፤ ጀልባው ላይ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? ክፍት ጀልባዎች ላይ ብዙ ጊዜ የለም፤ ያለው ባልዲ ነው። እናትዎን ወይም አክስትዎን ይዘው 7 ሰዓት ውኃ ላይ የሚውሉ ከሆነ ይህ ከዓሣው ቁጥር በላይ ያሳስባል። እማማ ካሉ ካቢን ያለውን ጀልባ ይምረጡ።

የቀጠሮውን ሰዓት በጽሑፍ ይቀበሉ። ካፒቴኑ አምስት ሰዓት ቢል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ይህንን ለአባባ ሲያስተላልፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግልጽ ያድርጉ። ጀልባ አይጠብቅም፣ ውኃውም አይጠብቅም።

5. ፈቃድ

ኮሎምቢያ በዚያ አካባቢ የኦሪገንና የዋሽንግተን ድንበር ነው። ጀልባ ላይ ሆነው በድንበሩ ወንዝ ላይ ሲያጠምዱ ከሁለቱ ስቴቶች የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ከዳር ቆመው ሲያጠምዱ ግን የቆሙበት ስቴት ፈቃድ ሊኖርዎት ይገባል፤ በድልድይ ተሻግረው ወዲያ ማዶ ከወረዱ ፈቃዱም ይለወጣል። በኦሪገን 12 ዓመት የሞላው፣ በዋሽንግተን 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በነዋሪ ዋጋ ለመግዛት ኦሪገን ውስጥ 6 ወር፣ ዋሽንግተን ውስጥ 90 ቀን መኖር ይጠይቃል፤ አዲስ የመጣ ዘመድ ካለ ለእሱ የአንድ ቀን ፈቃድ መግዛቱ ይቀላል። ከመሠረታዊው ፈቃድ ሌላ ለሳልመን የሚጨመር ካርድ አለ። የትኛው እንደሚያስፈልግ ካፒቴኑን ይጠይቁ፤ በየቀኑ ስለሚሠራው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ሳልመን ባስቀሩ ቁጥር እዚያው፣ ወዲያው ካርድዎ ላይ ወይም ስልክዎ ላይ ይመዘግቡታል። «ወደብ ስንደርስ» አይሠራም።

6. መንገድና ማደሪያ

ከፖርትላንድ አስቶሪያ 2 ሰዓት ያህል ነው፤ በ30 ቁጥር መንገድ ወንዙን ይዞ መውረድ ይቻላል። ከሲያትል 3 ሰዓት ተኩል ያስቡ። ሁለቱን ዳርቻዎች የሚያገናኘው በ1966 የተከፈተው የአስቶሪያ–ሜግለር ድልድይ 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ማለዳ 11 ሰዓት ከሚነሳ ጀልባ ጋር ቀጠሮ ይዘው ከቤትዎ ሌሊት ነድተው መምጣት የለብዎትም፤ ዋዜማውን እዚያው ይደሩ። ሆቴል በነሐሴ ውድ ነው። ለቤተሰብ የሚሻለው በኦሪገን በኩል ፎርት ስቲቨንስ፣ በዋሽንግተን በኩል ኬፕ ዲስአፖይንትመንት የሚባሉት የስቴት መናፈሻዎች ናቸው። ሁለቱም ድንኳን መትከያና የርት የሚባሉ አልጋ ያላቸው ክብ የሸራ ቤቶች አሏቸው። የኦሪገኑ ከ6 ወር በፊት፣ የዋሽንግተኑ ከ9 ወር በፊት ማስያዝ ይጀምራል፤ የርቶቹ ቶሎ ያልቃሉ።

7. የሚለበሰውና የሚበላው

ነሐሴ ነው ብለው ቲሸርት ለብሰው አይምጡ። ማለዳ ጉም አለ፣ ቅዝቃዜው 12 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጀልባው ሲሮጥ ደግሞ ይብሳል። ሹራብ፣ ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ የጎማ ጫማ፣ ኮፍያ ይያዙ፤ ቀን ላይ አንድ በአንድ ያወልቃሉ። የሕይወት አድን ጃኬት ግን አይወልቅም። 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በሚሄድ ጀልባ ክፍት ክፍል ላይ እንዲለብስ የኦሪገን ሕግ ያስገድዳል፤ ዋና ለማንችለው ለእኛ ለደገኞቹ ሕጉ ባይጠቅሰንም ያው ነው።

የባሕር ሕመም የሚባለው ማቅለሽለሽ ለማን እንደሚመጣ አይታወቅም። መድኃኒቱ የሚሠራው ሳይጀምር ሲወሰድ ነው፤ ማታ ሲተኙ አንድ፣ ጠዋት ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት አንድ የሚወስዱ ብዙ ናቸው። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ማለዳ ሆድን ባዶ አያድርጉ፣ ግን ቀይ ወጥም አይብሉ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ዝንጅብል ያለው ሻይ ይስማማል። ሙዝ ግን ቤት ይተዉት። ሙዝ ጀልባ ላይ መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው የሚያምኑ አሜሪካውያን አጥማጆች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ካፒቴን እየሳቀ ይናገራል፣ አንዳንዱ ግን የምር ነው።

8. ውኃው ላይ

የሚያጠምዱት ጀልባው ቀስ እያለ ሲሄድ ከኋላ ክር በመጎተት ነው። ክሩ ላይ ከባድ እርሳስ፣ ቀጥሎ እየተሽከረከረ የሚያብረቀርቅ ፍላሸር፣ ከዚያ መንጠቆው ከሄሪንግ ወይም ከአንቾቪ ዓሣ ጋር ወይም ስፒነር ከሚባለው ማባበያ ጋር አለ። ካፒቴኑ «20 ጫማ» ሲል ቁጥር በሚያሳየው መጠቅለያ ላይ 20 እስኪል ይለቁታል። የእርስዎ ሥራ ዘንጉን ማየት ነው።

ሐይቅ ላይ ያጠመደ ሰው ክሩ ሲነካ ሳብ ማድረግ ለምዷል። እዚህ ይህን ልማድ ይተዉት። ሳልመኑ ሄሪንጉን ጎንተል ጎንተል ያደርጋል፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ቢስቡ ከአፉ ያወጡበታል። ዘንጉ ጎብጦ ወደ ውኃው እስኪሰግድ ድረስ እጅዎን ይሰብስቡ። ከዚያ ዘንጉን ከፍ ያድርጉና ይጮኹ፤ ሌሎቹ ክራቸውን ይሰበስባሉ። ዓሣው ሲሮጥ ይልቀቁት፣ ሲቆም ይጠቅልሉ። ክሩ አይላላ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ጭንቅላቱን ወደ መረቡ ይምሩት፤ ክሩን በእጅ አይያዙ።

ከእርስዎ ሌላ የሚጠብቀው አለ። የባሕር አንበሶች የጀልባዎቹን ሥራ ተምረዋል፤ የተያዘ ዓሣ ሲታገል ሰምተው ይመጣሉ፣ ከመረብዎ አፍ ላይ ይነጥቁታል። ከ1972 ጀምሮ በሕግ የተጠበቁ ናቸውና መምታትም ሆነ ነገር መወርወር አይቻልም። ያለው መፍትሔ ቶሎ ማውጣት ነው።

ዓሣው መረብ ውስጥ ሲገባ ከውኃው ሳያወጡ አንድ ነገር ይታያል። ጀርባው ላይ ከትልቁ ክንፍ በስተኋላ፣ ከጅራቱ በፊት፣ ጣት ጫፍ የምታህል ለስላሳ ክንፍ አለች። የማራቢያ ጣቢያ ዓሦች ጫጩት ሳሉ ይህች ክንፍ ትቆረጣለች። ክንፏ ከሌለች የማራቢያ ዓሣ ነው፤ ካለች ወንዙ ራሱ እንዳፈራው ይቆጠራል። የወንዙ ዓሣ መለቀቅ ያለበት ወቅት ብዙ ነው፤ ሊለቀቅ የሚገባውን ደግሞ ጀልባ ውስጥ ማስገባት፣ አቅፎ ፎቶ መነሳትም ያስቀጣል። ቺኑክንና ኮሆን ለመለየት አፉን ይክፈቱ። የቺኑክ ድድ ጥቁር ነው፣ ነጠብጣቡም በጅራቱ ላይም ታችም አለ። የኮሆ ጥርስ የበቀለበት ድድ ነጣ ይላል፣ ነጠብጣቡም በጅራቱ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ከቺኑኮቹ መካከል ብር የሚመስለው «ብራይት» የሚሉት ሩቅ የሚሄደው ነው፤ ለመንገዱ ስብ ስለያዘ ይጣፍጣል። ጠቆር ያለው «ቱሊ» በቅርብ የሚቀረው ነው፤ ሥጋው ገርጣ ይላል። መምረጥ የሚቻልበት ቀን ከሆነ ብራይቱን ያስቀሩ።

ወደብ ሲመለሱ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ዓሣዎን ለማየት ይጠይቃሉ። የሁለቱ ስቴቶች የዓሣ መሥሪያ ቤት ቆጣሪዎች ናቸው፤ ርዝመቱን ይለካሉ፣ አፍንጫው ውስጥ የተቀበረች ደቃቅ ምልክት እንዳለች በመሣሪያ ይፈትሻሉ። ስለ ወረቀትዎ አይጠይቁም፤ ዘና ብለው ያሳዩ፣ ከፈለጉም ስለ ዓሣው ይጠይቋቸው፣ ደስ ብሏቸው ይነግሩዎታል።

9. ለማያጠምዱት

ከቤተሰቡ ግማሹ ጀልባ አይፈልግም። ፎርት ስቲቨንስ ውስጥ በ1906 አሸዋ ላይ የቀረው የፒተር አይረዴል መርከብ የዛገ አጥንት አለ፤ ባሕሩ ሲጎድል አጠገቡ ድረስ ይኬዳል። አስቶሪያ ኮረብታ ላይ ባለው ዓምድ 164 ደረጃ ወጥተው ልጆች ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ከላይ ይወረውራሉ። ከአሸዋው ዳር ሰርፍፐርች የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ለልጅ ቀላል ነው። ሸርጣን በወጥመድ መሳብም ይወዳሉ፤ የክንፍና የቅርፊት ሕግ በሚከበርበት ቤት ግን ወጥመዱን ስቦ፣ አይቶ፣ መልሶ መልቀቅ ነው። ለሸርጣንም ቢሆን የተለየ ፈቃድ አለ። በወንዙ አፍ ላይ ያሉት ረጃጅም የድንጋይ ግድቦች ላይ ልጅ አይውጣ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ሞገድም ሳይታሰብ ይመታል።

10. ዓሣውን ቤት ማድረስ

ጣዕሙ የሚወሰነው በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ነው። ዓሣው እንደወጣ ጭንቅላቱ ይመታል፣ መተንፈሻው የሆነው ስንጥብ ይቆረጥና ደሙ ይፈስሳል፣ ከዚያ በቀጥታ በረዶና ጥቂት ውኃ ወዳለበት ሳጥን ይገባል። ካፒቴኑ ያደርገዋል፤ ረስቶ ከሆነ ያስታውሱት። ጀልባ ላይ ግን አይቆራርጡት፤ ዝርያውና ክንፉ እስከ ወደቡ መታየት አለባቸው። መኪና ውስጥ ትልቅ ኩለር ይኑርዎ፣ በረዶውንም ከዋዜማው ይግዙ። ወደቦቹ አካባቢ አየር አውጥተው የሚያሽጉ፣ በጢስ የሚያጥኑ ሱቆች አሉ፤ ብዙ ከያዙ ይጠቅማሉ።

ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ትኩሱን ዓሣ በሚጥሚጣና በዳጣ ጥሬውን መብላት የለመደ ሰው እጁ ወደ ሳልመኑ መዘርጋቱ አይቀርም። አይብሉት። ከባሕር የመጣ ሳልመን ሥጋው ውስጥ ትል ሊኖረው ይችላል፤ ሎሚም ሆነ በርበሬ አይገድለውም። ጥሬውን ካልበላሁ ካሉ መጀመሪያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ሙሉ ይቀዝቅዝ፤ የብዙ ቤት ፍሪዘር 18 ላይ ስለሚቆም በቴርሞሜትር ያረጋግጡ። ሲያበስሉት መሀሉ 63 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው። ሳልመን ቅባታም ስለሆነ ለጥብስ፣ በተለይ በምጣድ ላይ በቆዳው በኩል ተደርጎ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ በጣም ይስማማል። ለወጥ ከፈለጉት ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ጨምረው ሳያማስሉ ያውርዱት፤ እንደ ሥጋ ረጅም ጊዜ ቢንተከተክ ይፈርሳል።

ውሻ ካለዎት ጭንቅላቱንና የሆድ ዕቃውን ጥሬውን አይስጡት፤ የዚያ አካባቢ ሳልመን የሚይዘው ተውሳክ ውሻን የሚገድል በሽታ ያመጣል። ጎረቤትም ውሻ ካለው ፍርፋሪውን በደንብ አስረው ወደ ቆሻሻው ይጣሉ።